አባቴ የፈረደባት ላም

ልጅ ሳለሁ አባቴ ዳኛ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም፤ አስተርጓሚ ነበር። ነገሩን አጥርቼ ያወቅኩት ግን ትዳር ይዤ፣ ልጅ ወልጄ ነው። ብትስቁብኝም አይከፋኝም፤ እኔም ስቄበታለሁ።

ሱሉልታ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታ፣ ከአዲሱ ገበያ የሚመጣው ሚኒባስ ሰው ሲያራግፍባት ይውላል፤ የመሀል ከተማው ኪራይ ያንገሸገሸው ሁሉ ወይ ወደ ቡራዩ፣ ወይ ወደ ሰበታ፣ ወይ ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ያኔ የጎጃም መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፣ ሜዳው ላይ የድርቆሽ ክምር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ብርድ ነው። አባቴ ጥሩሰው ከመንዝ የመጣው በጉብዝናው ነው። ከገበያ ገበያ ጨው ሲያዞር ኦሮምኛውን ለቀመው፤ ለቅሞ ለቅሞ እንደ አገሩ ልጅ ሲናገር ጊዜ ፍርድ ቤቱ ቀጠረው። የደርግ ጊዜ ነው እንግዲህ። ችሎቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ አብዛኛው ባለጉዳይ ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ አባቴ ሥራ አጥቶ አያውቅም ነበር።

እኔ ኦሮምኛዬን የተማርኩት ከጎረቤታችን ከአደ ኡርጂ ነው፤ አደ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። አጥራችን አንድ ነበር፤ አጥሩም ቢሆን ግማሹ የወደቀ ነበር። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ከአንዲት ላም ጋር ትኖራለች። ያኔ አሮጊት ትመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አርባ እንኳ አልሞላትም። የላሟ ስም ዳለቲ ነው፤ አመድ የመሰለ ቀለም ነበራት። አደ ኡርጂ ጠዋት ጠዋት ታልባትና ወተቱን በጮጮ ይዛ በሯ ላይ ትቆማለች። ጎረቤቱ ሁሉ ጣሳውን ይዞ ይመጣል። ለእኔ ግን በጣሳ አትሰጠኝም፤ ሞቆ አረፋው ሳይበርድ በመዳፏ ነው የምታጠጣኝ። "ኢንተላ ኮ" ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ለኑሮዋ ያላት ነገር እንግዲህ ያቺ ላም ነበረች፤ ጨውም ሳሙናም በርበሬም ከዳለቲ ጡት ነው የሚወጣው።

ዳኛው ጋሽ መልከጼዴቅ ወተት የሚገዙት ከእሷ ነው። ሰላሌ ያደጉ ሰው ናቸው። ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመጡና "አካም ቡልቴ፣ ኡርጂ?" ይሏታል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጥጃዋ በኦሮምኛ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ ይቆያሉ። ይሄን በደንብ ያዙልኝ፤ ኋላ የምመለስበት ነገር ነው።

አንድ ቀን እናቴ ለለቅሶ ወደ መንዝ ሄዳ፣ እኔን የሚይዘኝ ሰው ጠፋ። ወትሮ አደ ኡርጂ ናት የምትይዘኝ። ያን ቀን ግን እሷም ችሎት ነበረባት። አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝና ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። "አፍሽን ዝጊ፣ እግርሽን አታወዛውዢ" አለኝ።

ችሎቱ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ጠባብ ቤት ነው፤ የእርጥብ ካፖርት ሽታ አለው። ጋሽ መልከጼዴቅ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል አደ ኡርጂ ነጠላዋን አገልድማ ቆማለች። በሌላ በኩል ኦቦ ሊቤ ቆሟል። ሊቤ የሟች ባሏ ወዳጅ ነው፤ ድርቆሽ በመኪና እየጫነ አዲስ አበባ የሚሸጥ ሰው። ከሳሹ እሱ ነው።

አባቴ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋና ማለ። "የሰማሁትን ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ…" ሲል ሰማሁት። ይሄንን አውቀዋለሁ! አደ ኡርጂ ወተቷ ውሃ እንዳልነካው ለገዢዎቿ የምትምለው ነው። አባቴም ውሃ ላይጨምር የማለ መሰለኝ። ይቺን እንኳ ብዙ አልሳትኳትም።

ሊቤ ተናገረ። አማርኛው የአዲስ አበባ ድርቆሽ ተራ አማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ፊት ለፊት ከዳኛው ጋር ነው የሚነጋገረው። "ጌታዬ፣ ላሟ የእኔ ናት፤ ለባሏ በርቢ ሰጥቼው ነው" አለ። ርቢ የምንለውን ታውቁታላችሁ፤ ከብት ያለው ሰው ላሙን ለሌለው ይሰጠዋል፣ ያኛው ያረባል፣ ያልባል፣ የተወለደውን ይካፈላሉ፤ ላሟ ግን የሰጪው ናት። በቃል ነው የሚደረገው፣ በወዳጅነት። ሊቤና ሟቹም በቃል ነው የተዋዋሉት፤ አንደኛው ደግሞ ሞቷል።

"ምስክር አለህ?" አሉት ዳኛው።

"ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ጌታዬ።"

ከዚያ የአደ ኡርጂ ተራ ሆነ። በኦሮምኛ ተናገረች፣ ጨረሰች። ጋሽ መልከጼዴቅ ወረቀታቸውን እያዩ "ምን አለች?" አሉ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ በዚያ ሪዙ፣

"እኔ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከእኔ በቀር የሳቀ የለም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሲያፈጥብኝ አፌን በቀሚሴ ጫፍ ያዝኩ። አስተርጓሚ የሚሠራው እንደዚያ መሆኑን ማን ይንገረኝ? "እሷ እንዲህ አለች" አይልም፤ ተናጋሪውን ሆኖ ነው የሚናገረው። ሴቷም "እኔ"፣ ዳኛውም "እኔ"፣ ሁሉም በአባቴ አፍ "እኔ" ነው።

ቤት ውስጥ አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። እዚያ ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ነው የተከለው። አደ ኡርጂ የምትነግረው ለእሱ ነው። ዳኛው የሚጠብቁት እሱን ነው። እሱ ካልተናገረ ምንም አይሆንም፤ እሱ ሲናገር ሁሉም ይሆናል። ታዲያ ዳኛ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ጋሽ መልከጼዴቅ ጸሐፊው መሰሉኝ፤ እሳቸው ናቸዋ የሚጽፉት።

ምሳ ሰዓት ላይ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ዳቦ ስንካፈል ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ጋሽ መልከጼዴቅ ኦሮምኛ ጠፋባቸው እንዴ?"

"አልጠፋባቸውም።"

"ታዲያ ለምን አንተን 'ምን አለች' ይሉሃል? ጠዋት ጠዋት እኮ ያወሯታል!"

"እሱ ደጅ ነው። ደጅ ላይ ያውቁታል፤ ወንበሩ ላይ አያውቁትም።"

"ለምን?"

አባቴ ዳቦውን አላምጦ እስኪውጥ ቆየ። "መንግሥት የሚሰማው በአማርኛ ነዋ፣ ዕድሌ" አለኝ።

መንግሥት ከችሎቱ ጀርባ ያለው የተቆለፈ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ያንን በር ሳይ ነበር፤ ከሥሩ እግር ይታይ እንደሆነ ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "ባልሽ ከመሞቱ በፊት ስለ ላሟ የነገረሽ ነገር አለ?" አባቴ በኦሮምኛ አቀበላት።

አደ ኡርጂ ነጠላዋን ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው። ከዚያ ፈጥና ተናገረች። እኔ ተርጓሚ አያሻኝም፤ እንዲህ ነው ያለችው፦ "ሊሞት ሲል 'ዳለቲ የብቻችን አይደለችም፣ የሊቤ እጅ አለባት' ብሎኛል። የታመመ ሰው ነበር እንጂ! ከጥጃነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ሌሊት የተነሣሁላት እኔ ነኝ!"

ሊቤ ቀና ብሎ አያት። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ኦሮምኛ ያውቃል፤ አንዱ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ጋሽ መልከጼዴቅ ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደጅ የድርቆሽ መኪና ይጫናል፤ አንድ ሰው ክምሩ ላይ ቆሞ ገመድ ይስባል። እሱን ያያሉ። ያን ቀን ሙሉ እሷ ተናግራ በጨረሰች ቁጥር "ምን አለች?" ሲሉ የነበሩት ሰውዬ አሁን አላሉም። መኪናው አስደስቷቸው መሰለኝ፤ እኔም ተንጠራርቼ አየሁት።

አባቴም ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ብርድ። ወደ አደ ኡርጂ አየ፣ ወደ ወለሉ አየ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

"ባሌ ሊሞት ሲል 'ዳለቲ የብቻችን አይደለችም፣ የሊቤ እጅ አለባት' ብሎኛል" አለ። የታመመ ሰው ነበር ያለችውንም፣ ሌሊት መነሣቷንም፣ ሁሉንም አለ።

ጋሽ መልከጼዴቅ ከመስኮቱ ተመለሱ። ብዕራቸውን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ከዚያ በአማርኛ አንድ ነገር አነበቡ፤ ቃሉ የመጽሐፍ ስለሆነ አልገባኝም። አባቴ ወደ አደ ኡርጂ ዞረና በጥሩ ኦሮምኛ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ እንዲህ አላት፦

"ላሟ የሊቤ መሆኗን አረጋግጫለሁ። ላሟን ትመልሺለታለሽ፣ ጥጃዋን ታስቀሪያለሽ። እንዲህ ብዬ ወስኛለሁ።"

ይሄ ገባኝ። "ወስኛለሁ" አለ፤ አባቴ። በገዛ አፉ።

ማታ ቤት ስንገባ ወትሮ እጁን የማስታጥበው እኔ ነኝ። ጣሳውን አላነሣሁም። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ራሱ ታጠበ፣ የቀዘቀዘውን ሽሮ አሙቆ አቀረበ።

"ምነው ዕድሌ፣ አትበይም?"

"ዳለቲን መልስላት።"

"ለማን?"

"ለአደ ኡርጂ! አንተ ነህ የወሰድክባት። 'ወስኛለሁ' ስትል ሰምቼሃለሁ።"

ሊስቅ ነበር፤ ከንፈሩ ሲከፈት አይቻለሁ። ሳቁ ግን አልወጣም። የጎረሰውን ዋጠ።

"እሺ" አለ።

"መቼ?"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

በማግስቱ ጠዋት ሊቤ ገመድ ይዞ መጣ። ዳለቲ ስትወጣ ጥጃዋ ስትጮህ እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አደ ኡርጂ ግን ከዚያ በፊት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የመጨረሻውን ወተት በጮጮ ይዛ እኛ ቤት መጥታ ነበር። "ለጥሩሰው ነው" አለች። አባቴ ተቀብሎ ቆሞ ጠጣ፤ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እኔ ጉቦ የሚለውን ቃል ትናንት አግዳሚው ላይ ሰምቼው ነበር። ይሄ ጉቦ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ላሟን እንዲመልስላት ነው። በልቤ "ደግ አደረገች" አልኩ። ጠጥቷል፤ እንግዲህ ይመልሳል።

መለሰም! ሳምንት ቢሆን ነው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳለቲ በወደቀው አጥር በኩል አንገቷን አስግጋ የእኛን ጎመን ትበላለች። ደብተሬን ጥዬ አንገቷን አቀፍኩ። ግቢው ውስጥ ሊቤና አደ ኡርጂ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቴ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ሦስቱም ዝም ብለዋል፤ እንደተኳረፉ ሰዎች አይደለም፤ ሥራ ጨርሰው እንደሚያርፉ ሰዎች ነው። "አየሽ አይደል?" አለኝ አባቴ፤ ሌላ አላለም።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። ክፍላችን ውስጥ በሪሁን የሚባል ተንኮለኛ ልጅ ነበር።

"አባትሽ ዳኛ ቢሆን ጫማው አይቀደድም ነበር" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ዳኛ ጫማ ምን ያደርግለታል? ተቀምጦ ነው የሚውለው!" አልኩት።

እኔ ትምህርቱን ሰባተኛ ላይ ተውኩት፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ደርግ ወደቀ፣ ክልል መጣ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሆነ፣ ጽሕፈቱም በቁቤ። የታርጋ ጽሑፍ፣ የቢሮ ደጅ፣ የልጆቹ መጽሐፍ፣ ሁሉም ተለወጠ። ፍርድ ቤቱም እንዲሁ። ጀርባው ክፍል ውስጥ ያስቀመጥኩት ሽማግሌ ትዝ አለኝ፤ ጆሮውን ቀየረ አልኩ።

አደ ኡርጂ በእነዚያ ወራት ለአጥር ጉዳይ ችሎት ቀርባ ስትመለስ እየሮጠች ነው ቤታችን የገባችው። "ለዳኛው ራሴ ነገርኩት! በገዛ አፌ! ጥሩሰው፣ አንተን አልፈለግኩህም!" እያለች ትስቃለች። አባቴም ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ግን ያን ቀን ወንበሩ ላይ ያለ ሥራ ውሎ ነበር የተመለሰው። ከሰነበተ በኋላ ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ጉዳይ ሲመጣ ከዚያኛው ጎን ወደዚህኛው ጎን አዛወሩት፤ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀመረ። አዲሱ ዳኛ አማርኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ ወጣት ነው፤ እሱም ወረቀቱን እያየ የአባቴን አፍ ይጠብቃል። አባቴ ይሄን ሲነግረን አላማረረም። "ወንበሩ ያው ነው፣ ሰውም ያው ነው፣ እኔ ነኝ የዞርኩት" አለ። ቁቤውን በመነጽር ለመደው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ጡረታ ወጣ።

እውነቱን የሰማሁት በአደ ኡርጂ ለቅሶ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሊቤ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጧል። ስለ ሟቿ ሲወራ እኔ የዳለቲን ነገር አነሣሁ። "አባዬ መልሶላት አልነበር?" አልኩ። ሊቤ በምርኩዙ መሬቱን እየጫረ ሳቀ።

"እሱ ምን ሥልጣን ነበረው፣ ልጄ? ዳኛው ፈረዱልኝ፣ ላሜን ወሰድኩ። ከዚያ አባትሽ ያን ሁሉ ሜዳ በእግሩ አቋርጦ ቤቴ መጣ። 'ሊቤ፣ ልጄ ላሟን መልስ ብላኛለች' አለኝ። 'አንተ ነህ እንዴ የወሰድካት?' ብለው፣ 'በእኔ አፍ ነው የሄደችው' አለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ። 'ያን ቀን ምስክር ነበረህ?' አለኝ። 'አልነበረኝም' አልኩት። 'ነበረህ። ኡርጂ ናት ምስክርህ። በራሷ ላይ መሰከረችልህ' አለኝ።" ሊቤ ምርኩዙን አቆመ። "ይሄን ካለኝ በኋላ እንዴት እንቅልፍ ይውሰደኝ? እኔ ከመጀመሪያው የፈለግኩት የወዳጄ ቤት እጄን እንዳይክደኝ ነበር። አልካደችኝም። ላሟን መልሼ በርቢ ሰጠኋት።"

አባቴን አየሁት። "ታዲያ ያን ቀን ለምን ነገርክባት? ዳኛው እኮ አልጠየቁህም" አልኩት።

"አልጠየቁኝም" አለ። "ሰምተዋል። መስኮቱን ሲያዩ ገብቶኛል፤ ተወው ማለታቸው ነው። ብተወው መዝገብ ላይ አይገባም ነበር። እሳቸውም ወተት ይገዟት ነበር እኮ።"

"እና?"

"እናማ ያን ካስቀረሁላት፣ ነገ የሚጠቅማትን ስትናገር ያንንም የጨመርኩላት ነው የሚመስላቸው። የእሷ ብቻ አይደለም፤ ከእሷ በኋላ የሚቆመው ሁሉ።" ከዚያ ነጠላውን ሳብ አድርጎ "ግን ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ሞቻለሁ" አለ።

ለዓመታት ጉቦ ያልኩት ወተት እንግዲህ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ቃሏን ሙሉውን ስላደረሰላት ነው። ዝም ብለው የተቀባበሉት ለዚያ ነው።

አሁን እሱም አልፏል። ይሄን ያነሣሁት ባለፈው ሰሞን በሆነው ነገር ነው።

ከቀበና መጥታ አጠገቤ የተከራየች ኤልሳቤት የምትባል ልጅ አለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ልጇን እንዲመዘግብላት የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋታል፤ ካልሆነ ልጅቷ በየጠዋቱ ሁለት ታክሲ ይዛ ቀበና መመላለሷ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ቃሏን የሚቀበለው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ "አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ" ብሏታል። "እትዬ ዕድላዊት፣ እርስዎ ቢሄዱልኝ?" አለችኝ። ሄድኩላት። ልጅቷም ከትምህርት ቤት ቀርታ ተከተለችን፤ ከኋላችን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው። በሩ ላይ "እናቴ፣ እንዴት ዋሉ? ይግቡ፣ ብርድ ነው" ብሎ በአማርኛ ወንበር የሳበልኝ እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን በአፋን ኦሮሞ ጀመረ። ፈገግ አልኩ፤ አውቀዋለሁ ይሄንን። ኤልሳቤት ትናገራለች፣ እሱ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ "ማል ጄቴ፣ ሃርሜ?" ይለኛል፤ ምን አለች፣ እናቴ? እኔ እነግረዋለሁ። "እኔ የአንድ ልጅ እናት ነኝ፣ እኔ ከቀበና ነው የመጣሁት" እላለሁ፤ ሳይታወቀኝ እንደ አባቴ።

ከዚያ ጠየቀ፤ ሌላ ቦታ የወጣ መታወቂያ አላት ወይ? አቀበልኳት።

"እሱማ የቀበናው አለ" አለች ኤልሳቤት። "አልመለስኩትም። ኮንዶሚኒየም ተመዝግቤያለሁ፤ ምናልባት ዕጣው ቢወጣልኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።"

ይሄ ከገባ መታወቂያው እንደማይሰጣት አውቃለሁ። የድሮውን መልሳ መሸኛ ማምጣት አለባት። እሱም ያውቃል። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ ደጅ አየ፤ እዚያ ባጃጆች ተሰልፈው ነበር። "ማል ጄቴ" አላለኝም።

ባጃጆቹን እሱ አያቸው፣ እኔም አየኋቸው። ኤልሳቤት እኔን ታየኛለች፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መስሏት። አባቴ ግንባሩ ላይ ላብ የወጣው ለምን እንደሆነ አሁን ሰውነቴ አወቀው።

ነገርኩት። መታወቂያውንም፣ ኮንዶሚኒየሙንም፣ ምናልባት ቢወጣልኝ ማለቷንም።

ልጁ ዓይኑን ከመስኮቱ መልሶ ጻፈ። ከዚያ የሚለውን አለ፤ ወደ ኤልሳቤት ዞሬ አደረስኩላት። "መሸኛ ካላመጣሽ መታወቂያ አልሰጥሽም" አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ "እኔ አይደለሁም ያልኩት" ልላት ፈልጌ ነበር። ዘገየሁ፤ ብድግ ብላ ወጣች።

ደጅ ላይ ኤልሳቤት ዓይኗን እየጠረገች ባጃጅ ስታስቆም፣ ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ብትሆን ነው። እጄን አልያዘችም፤ ስንመጣ ይዛኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ቆማ ከታች ወደ ላይ አየችኝ።

"ለእማዬ መታወቂያዋን ይስጧት" አለችኝ።

ብዙ ማስረዳት እችል ነበር። ዳኛው እኔ እንዳልሆንኩ፣ ቃሉ የእኔ እንዳልሆነ። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እሺ" አልኳት።

"መቼ?"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባሱ ሳይሞላ ብዬ ማልጄ ተነሣሁ። የኤልሳቤትን የቆርቆሮ በር መታሁ። ዓይኗ አብጦ ወጣች፤ ከጀርባዋ ልጅቷ በቀሚሷ በኩል አጮልቃ ታየኛለች።

"ጫማሽን አድርጊ" አልኳት፤ "ቀበና አብረን እንሄዳለን።"